ስድስት ሐሙስ በሸክላ ሠሪዋ ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሰልና ምድጃ ስሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብርድ ነው ያበላኝ። ሌላው ሰው ውርጭ ሲያይ ለእህሉ ያዝናል። እኔ ጠዋት ተነሥቼ የጣራዬ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ነገር ካየሁ፣ ዛሬ ስንት ማዳበሪያ ከሰል ይነሣ ይሆን እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ለማንኛውም የቸኮለ አይመስልም።

ስለዚህ አንዲት ተማሪ ሱቄ ደጃፍ ቆማ፣ «ጋሼ፣ የቤት ውስጥ ጭስ ለመቀነስ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ» ስትለኝ፣ በር የተሳሳተች መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጭሱን የምሸጠው እኮ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሥጋ ለጅብ አደራ ልትሰጪ ነው የመጣሽ።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ እርስዎን ያውቃል። እኔን ሲያይ በር ይዘጋል።»

ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራለች። የምትማረው፣ እንደነገረችኝ፣ ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ለምን እንደማያደርገው ነው።

«ለዚህማ ዩኒቨርሲቲ ምን አስገባሽ?» አልኳት። «አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ብትቆሚ ይበቃሽ ነበር።»

ሳቀች። የሳቀ ደንበኛ ግማሹን መንገድ መጥቷል እንላለን እኛ ነጋዴዎች። ያን ቀን ግን ግማሹን መንገድ የሄድኩት እኔ ነበርኩ።

ከቦርሳዋ የልብስ ሳሙና የምታህል ነጭ ሳጥን አወጣች። ቤት ውስጥ ስትቀመጥ መብራቷ በአየሩ ይለዋወጣል፤ አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቢጫ፣ ሲብስበት ቀይ። ዐሥራ ሁለት ቤት ይመረጥና ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል። ለስድስት ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንዱ የሌላው ቤት ይሄዳል፤ ከሰል በነደደበት አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጥና የሳጥኗን ቀለም ወረቀት ላይ ይቀልማል። ማንም የራሱን ቤት አይመዘግብም።

«የራሳችንን ብንመዘግብስ?»

«ትዋሻላችኋ፣ ጋሼ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷን አከበርኳት።

ሌላም ነገር አለችኝ። «ሰው ለራሱ ሳንባ ብሎ መስኮት አይከፍትም። እንግዳ ሲመጣበት ግን ቤቱን ይጠርጋል፣ ያናፍሳል። እኔ ስለ ጭስ ማስተማር ደክሞኛል። እንግዳ ልልክባችሁ ነው።»

እሺ ያሰኘኝ እንግዳ የሚለው ቃል ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ወደየኑሮው ሄደ፤ አልፈርድበትም። ሱቄ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ይውላል። ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ቤቴ ግን፣ ከሙት ዓመቱ ወዲህ፣ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ አልገባም፤ ቆጣሪው ውጭ ነው። ራቴን ቆሜ ነበር የምበላው። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት ያሳፍራል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ እኔ እንግዲህ የመጀመሪያውን ለምጄ ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።

ከመጀመራችን በፊት ልጅቷ ጥያቄ ጠየቀችን፤ ለእያንዳንዳችን ለብቻ። ስንት ጊዜ ያስልዎታል፣ ከሰሉን የት ነው የሚያቀጣጥሉት፣ እንዲህ እንዲህ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ቢሆንዎ ቅር ይልዎታል? አለች። አይለኝም። ቤታቸው ቢጋበዙ ይበላሉ? «ለምን አልበላም!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ልጅዎን ይድሩላቸዋል? ልጅ ስለሌለኝ በዚህ በኩል በጣም ቸር ነበርኩ።

ደንበኛ ምን መስማት እንደሚፈልግ የማያውቅ ነጋዴ ሱቁን ይዝጋ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ቡዳ ነው ይባላል። ሬዲዮ ሳይገባ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የነበረ ወሬ ነው፤ ሁለቱም ከመጡ በኋላም አለ። በድስታቸው እንቀቅላለን፣ በምድጃቸው እንሞቃለን፣ ቤታቸው ግን እህል አንቀምስም። እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ሆዴ ግን ያምናል፤ እናቴ ያሳደገችው እሱን ነው።

ዕጣው የወጣው በእድራችን አዳራሽ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ሰጠ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ተሞላበት፣ እኔም እጄን ሰደድኩ። የወጣችልኝ በሩ ሥር ለብቻዋ የተቀመጠችው ሸክላ ሠሪ ናት።

እንግዳ ሰው አይደለችም። በአንኮበር መንገድ በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ባሉት ቤቶች ነው የምትኖረው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ምድጃ አቅርባልኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክማ ትመጣለች፣ ሱቄ በር ላይ ታወርዳለች፣ እኔ በታጠፈ ጣቴ አንድ በአንድ አንኳኳለሁ፤ የተሰነጠቀ ካለ ድምፁ ይነግረኛል። ሂሳቡን ስሰጣት ትሄዳለች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እሷም የእኔን ደፍ አላለፈች፣ እኔም የእሷን።

ከኋላዬ የእድራችን ጸሐፊ፣ «በል እንግዲህ፣ ከዓይን ይሰውርህ!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ የጥፍሯን ጭቃ እየፈቀፈቀች ወደ መሬት ታይ ነበር።

ማክሰኞ የእሷ ቀን ሆነ፣ ሐሙስ የእኔ፤ ሁለቱም ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሲጀምር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች። «ልግባ ጋሼ?»

«ግቢ እንጂ። ሳጥኗ እኮ ደጅ አይደለችም።»

ገባች። በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሰሉን እዚያው ቤት ውስጥ አቀጣጠልኩት፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው። መስኮቴ አንድ ነው፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አሮጌ ጋቢ በቀጭን በቀጭኑ ቀዳ ክፍተቱን ሁሉ ጠቅጥቃው ነበር። ነፋስ ይመታላ። እኛ አገር ጭስ ገድሎ አያውቅም፤ ሰው የሚገድለው ነፋስ ነው። ከሸዋሮቢት ሽቅብ ሲመጣ አውቶቡስ ውስጥ ስድሳ ሰው በላብ ይጠመቃል፣ አንዱ መስኮት ቢከፍት ግን ሀምሳ ዘጠኙ ይጮህበታል።

ሳጥኗ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ ሆነች።

«ቀይ ነው ጋሼ» አለች፤ የራሷ ጥፋት ይመስል ቀስ ብላ።

«ይሁና።»

ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጅቷ የሰጠቻትን ቀይ እርሳስ አንሥታ የወረቀቱን የመጀመሪያ ቤት ሞልታ ቀለመችው። ከጠርዙ ሳታወጣ፣ ጥንቅቅ አድርጋ። ሸክላ ስትሠራም እንዲሁ ናት።

«ይሄ መስኮት ይከፈታል?»

«ነፋስ ይገባል።»

«ይገባል እንጂ። መስኮት እኮ ነው።»

ለስላሳ ሰጠኋት፤ በጠርሙሱ። ስለ ለስላሳ ጠርሙስ ብዙ የሚወራ ነገር አለ፤ ዋናው ግን ብርጭቆ አያስፈልገውም።

ሐሙስ ሄድኩ። ቤቷ ትንሽ ናት። ከግድግዳው ጭቃው የረገፈበት ቦታ ብርሃን ያሳያል። ያልተተኮሱ ምድጃዎች አልጋው ላይ ሳይቀር ተደርድረው ይደርቃሉ፤ የት እንደምትተኛ አልጠየቅሁም። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ነጭ ጭሱ እስኪያልቅ ቆማ ጠብቃ፣ ፍም ሲሆን ይዛው ገባች። ሳጥኗን አየኋት። ቢጫ ናት። ጠበቅሁ። ቢጫ ናት። ሰዓቱ ሞላ፤ ቢጫ ናት።

ከሰል የምሸጠው እኔ፣ ከሰል ማንደድ የምታውቀው እሷ። ቀይ ባገኝ ደስታዬ ነበር፤ ቢጫውን ስቀልም እጄ ከበደኝ።

ልነሣ ስል፣ «ትንሽ እህል ላቅርብልዎ» አለች።

«ጾም ነኝ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ከዚያ፣ «በበዓለ ሃምሳ?» አለች።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ይህን ያልተማረ የሰባት ዓመት ልጅ የለም።

«የንስሐ አባቴ ያዘዙብኝ ነው።»

«ኧረ ጋሼ! ምን ቢያጠፉ ነው?»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ እሳቱ ዞረች። እኔ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሐሙስ የተሻለ ምክንያት ይዤ ሄድኩ። ጨጓራ። ጨጓራ የሌለበት ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም፤ ማንም አይከራከርህም።

«ተልባ አለኝ» አለች ወዲያው። «በጥብጬ ልስጥዎ፤ ጨጓራን እንደሱ የሚያለዝብ የለም።»

«ሐኪም ተልባ ከልክሎኛል።»

«ተልባ የሚከለክል ሐኪም?»

«አዲስ ነው። አሁን ነው የጀመሩት።»

እንዲህ ስል ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። ምድጃ እንደማንኳኳው ነበር የምታየኝ፤ የቱ ጋ እንደተሰነጠቅሁ ስትሰማ።

ሁለት ጊዜ ቀይ ከተቀለመብኝ በኋላ መስኮቱን ከፈትኩት። ለጤናዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ የሁላችንንም ወረቀት እድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነበር፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን የማን ቁጥር የማን እንደሆነ በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከሰል ነጋዴው ቀይ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቢጫ። ጸሐፊው፣ «እሷ ናት እንዴ አንተን መፍራት ያለባት?» አለኝ። ከሳንባዬ ይልቅ ያች ቀይ ቤት አሳፈረችኝ። ልጅቷ ይህን ቀድማ አውቃው ነበር፤ ይህንኑ ነው የምትማረው።

የባለቤቴን የጋቢ ቁራጮች አንድ በአንድ መዘዝኳቸው። ለካ እያንዳንዱን አጥባ ነው የጠቀጠቀችው። ጫፋቸው ተዘምዝሟል። ማንም የማያየውን ጨርቅ ማን ይዘመዝማል? ረጅም ሰዓት እጄ ላይ ይዣቸው ቆምኩ፤ ከዚያ የት እንደማደርጋቸው ስላጣሁ ትራሴ ውስጥ ከተትኳቸው። መስኮቱን ስከፍት ብርዱ እንደ አበዳሪ ዘው ብሎ ገባ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሸክላ ሠሪዋ ገብታ መስኮቱን አየች። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ቢጫውን እርሳስ ብድግ አደረገች።

«ጎበዝ» አለች። እኔን ይሁን ሳጥኗን አላወቅሁም። ጎበዝ ከተባልኩ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ሲመጣ ይታወቀኝ ጀመር። ሰኞ ወለሉን እጠርጋለሁ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን እዘጋለሁ፤ ለደንበኛ፣ «እንግዳ አለብኝ» እላለሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ይጥመኛል። ብዙም አናወራም። የጭቃው ነገር፣ ዘንድሮ አፈሩ አሸዋ እንደበዛበት፣ ከቆላ የሚመጣው ከሰል እርጥብ እየሆነ እንዳስቸገረ። እሷ የእጇን መዳፍ ወደ እሳቱ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ እኔ እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ ሳጥኗ ጢጥ ትላለች። ያችን ጢጥታ ጠላኋት።

ስድስት ሳምንት እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ እንድትመጣ ምን ማድረግ እንዳለብኝም አውቅ ነበር። ሊቅ መሆን አይጠይቅም። እጅ ታጥቦ አንድ ጉርሻ መዋጥ ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ ለስላሳውን ስሰጣት ጠርሙሱን እያገላበጠች አየችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ብርጭቆ የለም?»

«ተሰባብሮ አለቀ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ቁም ሳጥኑ ከኋላዬ ነው፤ በሩ መስተዋት ነው፤ ስድስት ብርጭቆ ተደርድሮበታል። ወደዚያ አላየችም። ያላየችበት አኳኋን ግን አይረሳኝም።

«የሸክላ ኩባያ ልሥራልዎ እንዴ?» አለች። «እኔ የሠራሁት እንኳ ቶሎ አይሰበርም።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ እንደ ልማዷ፣ ሽሮ ወጥ እንዳለ ነገረችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሆዴን ይዤ፣ «ይህ ጨጓራ» ስል አቋረጠችኝ።

«ባለቤትዎም መጀመሪያ ጊዜ ጨጓራ ነበረባቸው።»

«የማን ባለቤት?»

«የእርስዎ ናታ። ነፍሳቸውን ይማረውና። በሁለተኛው ጊዜ ተሻላቸው።»

ባለቤቴ፣ የምድጃ ትእዛዝ ልንገር ብላ ስትወጣ፣ እዚህ ቤት ትመጣ ኖሯል። ትበላ ኖሯል። አንዴ ሽሮ፣ አንዴ ንፍሮ፣ አንዴም የገና ዶሮ ወጥ። ስንት ዓመት? «እኔ እንጃ። ልጄ ትንሽ ሆኖ ነው የጀመሩት፤ አሁን ወታደር ነው።» ለእኔ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ለምን ደበቀችኝ?»

«አደራ እንዳይሰማ ብለውኝ ነበር። እስካሁን ጠብቄዋለሁ።» እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረገች። «የጨጓራዎን ነገር ስሰማ ግን አላስቻለኝም።»

ማንን እንደተቆጣሁ አላውቅም። በአምስተኛው ሐሙስ ሄጄ አልገባሁም። ደፏ ላይ ቆሜ፣ አንገቴን አስግጌ ቀለሙን አየሁና ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ ቀለምኩ። አረንጓዴ ነበር። እሷ ከነጭቃዋ ቁጭ ብላ አየችኝ፤ ይግቡም አላለች፣ ይሂዱም አላለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆምኩ። ደንቡ አንድ ሰዓት ነዋ።

እሷ ግን አልቀረችም። ስድስተኛውና የመጨረሻው ማክሰኞ፣ ዐሥር ሰዓት ሲሆን በሬ ላይ ነበረች። ያን ዕለት ብርጭቆ አውጥቼ ነበር። ውኃ ቀዳሁላት። ጠጣችው፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አንቺ ጋ ስትመጣ ምን ታወራ ነበር?» አልኳት።

«ባለቤትዎ? ስለ እርስዎ አይደለም፤ አይስጉ።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

አሰበች። «ብዙም አያወሩም። ይስቁ ነበር። የድስት ክዳን እየሠራሁ ጭቃው ሲጣመምብኝ፣ በእሱ እንኳ ይስቃሉ። እንባቸው እስኪወርድ።»

ባለቤቴ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ፈገግ ትላለች። እንባዋ እስኪወርድ ስትስቅ ግን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር፣ አላየኋትም። እዚህ ቤት ውስጥ አልሆነም። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የቀረብህ ነገር ሊጨምር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሳጥኗ ጢጥ አለች። አረንጓዴ። ሸክላ ሠሪዋ ቀለመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች።

ሐሙስ ቁርስ ሳልበላ፣ ምሳም ሳልበላ ሄድኩ። ለሆዴ ነገርኩት፦ ዛሬ የመጣውን ትቀበላለህ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከሰሉ ገባ፣ ሳጥኗ አረንጓዴ አበራች። ጠበቅሁ። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ስለ እህል የሚነሣ ነገር የለም። ጢጥ ስትል እንኳ የለም።

ለምኜ አላውቅም። ዋጋ ስከራከርም ቢሆን መጀመሪያ የሚናገረው ሌላው እንዲሆን አደርጋለሁ።

«ራበኝ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

«እርስዎ የሚመጡ ለት ወጥ አልሠራም፣ ጋሼ» አለች። «ትቻለሁ። እየቀረ ሲደፋ ያሳዝነኛል።»

በሳምንቱ ልጅቷ ሳጥኖቹን ልትሰበስብ መጣች። ያንኑ የጥያቄ ወረቀት አወጣች። ያስልዎታል? ቀንሷል። ከሰሉን የት ነው የሚያቀጣጥሉት? ደጅ። ሸክላ ሠሪ ቤት ቢጋበዙ ይበላሉ?

«ተጋብዤ ነበር» አልኩ። «አልበላሁም።»

እርሳሷ ቆመ። «መጀመሪያ እበላለሁ ብለው ነበር እኮ።»

«ያኔ ዋጋ እየተነጋገርን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ።»

ጻፈች። ጥሩ መልስ ይሁን መጥፎ ፊቷ ላይ አላነበብኩም። ወረቀቷን አጥፋ፣ ከሱቁ ስትወጣ ግን ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሳጥኑን ብወስደውም መስኮቱ ይከፈታል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይከፈታል። ዐሥር ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። ማንም ስለማይመጣ ሰዓቱ አይሞላም፤ ሲበርደኝ እዘጋዋለሁ። ምድጃ ለሚገዛኝ ሰው ሁሉ ደግሞ፣ «ደጅ አቀጣጥለሽ አስገቢ፤ እንግዳ አለብሽ ብለሽ አስቢ» እላለሁ። ለሌላው መምከር ለእኔ አዲስ አይደለም።

ሰኞ ቀን፣ የማንም ቀን ባልሆነ ቀን፣ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ግድም ነው። በሩ ክፍት ነው። ምሳዋን ለብቻዋ እየበላች አገኘኋት፤ እንጀራው በሰፌድ ላይ ነው፣ ሽሮው መሀሉ ላይ በጭልፋ ፈስሷል። አገራችን ላይ ሰው እየበላ ሌላ ሰው ከደረሰበት፣ ጠላቱም ቢሆን፣ «እንብላ» ይላል። አፍ የሚለምደው ነገር ነው፤ ሳያስቡት ይወጣል።

አላለችኝም። አየችኝና ጉርሻዋን ዋጠች።

መመለስ ነበረብኝ። አምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰው በር ላይ ቆሜ ምግብ አይቼ አላውቅም። ጓዳው አፍ ላይ ማሰሮ አለ፤ ጣሳው ላዩ ላይ ነው። ራሴ ቀድቼ እጄን ታጠብኩ። በርጩማ ስላልተሰጠኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዳር በኩል ቆረስኩ፤ እሷ ካልነካችው በኩል ሳይሆን ከነካችው። ሽሮው ጉልበቴ ላይ ጠብ አለ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። ጨው በዝቶበታል። ዋጥኩት።

ሆዴ ምንም አላለም። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስቸግረኝ ኖሮ፣ የዚያን ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እሷ ሰፌዱን ወደ እኔ አልገፋችም፤ ወደ ራሷም አልሳበችም። መብላቷን ቀጠለች። እኔም በላሁ። ስንጨርስ ፍርፋሪውን ሰብስባ ለዶሮዎቹ በተነች፣ ተመልሳ ጭቃዋ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓታት በኋላ ነው የመሰለኝ፣ «እሳቸው የሚቀመጡት እዚያ አልነበረም» አለች፤ በጭቃ እጇ ወደ ግድግዳው ጥግ እያሳየች። «እዚያ ነበር። ጀርባቸውን ያስደግፋሉ።»

ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው።

አሁን በሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ። አንዳንዴ እንበላለን፣ አንዳንዴ እህል የለም፤ ከሌለ የለም ትለኛለች። ስለ ባለቤቴ እጠይቃታለሁ። እየቆጠበች ትነግረኛለች፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ሁሉንም ብትነግረኝ መምጣቴን እንዳልተው ይሁን፣ ወይም ሌላ ምክንያት ይኑራት፣ አላውቅም።

ወደ ቤቴ ግን ከስድስተኛዋ ማክሰኞ ወዲህ አልመጣችም። ጠርቻታለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ምስር ወጥ ሠርቼ፣ እንጀራ ገዝቼ፣ ገበታ ዘርግቼ ጠርቻታለሁ።

«ባይሆንልኝ ነው እንጂ ደስ ይለኝ ነበር፣ ጋሼ» ትለኛለች። «እግሬን ያመኛል። መንገድ አልችልም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ምድጃ በጀርባዋ አዝላ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ የሱቄ በር ላይ ታወርዳለች። አንኳኳቸዋለሁ፤ አንድም የተሰነጠቀ የለም። ከሱቁ እስከ ቤቴ ስድስት እርምጃ ነው።

«እግርሽን እግዜር ይማርልሽ» እላታለሁ።

«አሜን፣ ጋሼ» ትለኛለች፤ ገመዷን ጠቅልላ ትሄዳለች።